ኖታ ከአምስት ድምፅ ይጀመር

የክወናና የእይታ ጥበባት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ይሰጣል። አቅም ያላቸው ትምህርት ቤቶችም ዛይሎፎን፣ ማለትም የእንጨት ጣውላዎች ተደርድረው በመምቻ የሚመቱበትን የዜማ መሣሪያ፣ ገዝተው ወደ ክፍል አስገብተዋል። ይህ ደስ ያሰኛል። የሚያሳስበኝ አጠቃቀሙ ነው። በየጣውላው ላይ ባለቀለም ወረቀት ይለጠፋል፤ ሰሌዳው ላይ «ቀይ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ» ተብሎ ይጻፋል፤ ልጁ ቀለሙን እየተከተለ ይመታል። በወላጆች በዓል ላይ ዜማው አምሮ ይሰማል። ወረቀቱ የተላጠ ዕለት ግን ልጁ የትኛው ድምፅ ከየትኛው እንደሚበልጥ አያውቅም፤ ያነበበው ቀለም ነበርና።

ልጅ መጀመሪያ ይስማ፣ ያዚም፣ ከዚያ ይምታ፤ ኖታው፣ የዜማው ጽሑፍ፣ በመጨረሻ ይምጣ። ይህ ቅደም ተከተል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዜማ ቤት ተማሪው ዜማውን ከመሪጌታው አፍ እየተቀበለ ያጠናል። ድፋት፣ ቅናት፣ ደረት፣ ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች በጆሮው ያደረውን ያስታውሱታል፤ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ብቻቸውን አያስተምሩትም።

ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርል ኦርፍ እ.ኤ.አ. በ1924 ሙኒክ ውስጥ በተከፈተ ትምህርት ቤት የጀመረውና ከጉኒልድ ኬትማን ጋር ያዳበረው ዘዴም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የመሣሪያዎቹ ጣውላዎች ተነቃይ ናቸው። መምህሩ ፋ እና ሲ የሚባሉትን ድምፆች የሚሰጡትን ጣውላዎች ያነሣል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይቀራሉ። ግማሽ ድምፅ የሚባለው በሁለት ድምፆች መካከል ያለ ጠባብ ርቀት ከመካከላቸው ስለሚጠፋ፣ ልጆች እንዳሻቸው አብረው ቢመቱ እንኳ ጆሮ የሚጎረብጥ ነገር አይወጣም።

እነዚህ አምስት ድምፆች ታዲያ ትዝታ ናቸው! ልጆቻችን በጀርባ ታዝለው ሳለ የሰሙት ቅኝት ነው። ከዶ ቢጀምሩ ትዝታ ሜጀር፣ እነዚያኑ ጣውላዎች ከላ ቢጀምሯቸው ባቲ ማይነር ይሆናሉ። ፋ እና ሲ ተመልሰው ሬ እና ሶል ቢነሡ ደግሞ ከሚ ሲጀመር አምባሰል፣ ከላ ሲጀመር ትዝታ ማይነር ይገኛል። አንቺሆዬ ከዶ እስከ ዶ ባሉት ስምንት ጣውላዎች አይወጣም፤ ተጨማሪ ድምፅ ስለሚፈልግ ለላይኛው ክፍል ይቆይ። የዛይሎፎን ቅኝት ከክራርና ከማሲንቆ አቃኛኘት ጋር በትክክል እንደማይገጥምም አውቃለሁ፤ ለጀማሪ ጆሮ ግን በቂ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እኮ በቫይብራፎን፣ በዚሁ በሚመታ ባለዜማ መሣሪያ፣ ቅኝቶቻችንን ለዓለም አሰምቷል።

ንባቡም ኖታ በሚጻፍባቸው አምስት መስመሮች መጀመር የለበትም። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ይሰመር፤ ሚ በታችኛው፣ ሶል በላይኛው ላይ ይቀመጡ። ልጆች ሁለቱን በድምፃቸው ካወጡና ከመቱ በኋላ ላ ከላይኛው መስመር በላይ፣ ሬ ከታችኛው በታች ይጨመሩ። የቀሩት መስመሮች ድምፁ ሲፈልጋቸው ይመጣሉ። ምቱን ጭብጨባ ያስተምረዋል፤ ይህን ልጆቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። እጅን በተመለከተ መምህሩ አጥብቆ ሊጠብቃቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ቀኝና ግራ ይፈራረቁ፣ መምቻውም ጣውላውን ነክቶ ወዲያው ይነሣ። ተጭኖ ከቀረ ድምፁ ይታፈናል።

ክራር ለምን አይቀድምም የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ክራርን እወዳለሁ። ነገር ግን በአንድ ክፍል ላሉ ሃምሳ ልጆች ሃምሳ ክራር በየዕለቱ መቃኘት ለአንድ መምህር አይቻልም። ዛይሎፎን ተቃኝቶ ይጠብቃል፤ ረጅሙ ጣውላ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ እንደሚሰጥም ልጁ በዓይኑ ያየዋል። ክራሩን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ያንሣ።

ዋጋው ውድ ነው የሚለው ቅሬታ ትክክል ነው፤ ሆኖም ከውጭ ማስመጣት ግዴታ አይደለም። የደረቀና ጠንካራ እንጨት ይመረጥ። ጣውላው ከሁለቱም ጫፍ ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ አለፍ ብሎ ይደገፍ፤ እዚያ ላይ ንዝረቱ አነስተኛ ነው። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ መካከሉ ከሥር ይፋቅ፤ ከፍ ለማድረግ ጫፉ ይቀነስ። ይህ የእንጨት ሥራ የሚያስተምሩ ኮሌጆቻችን የሚችሉት ሥራ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ምሩቃን ድምፁን እየሰሙ ቢያርሙላቸው፣ በየወረዳው ለአንድ ትምህርት ቤት የሚበቃ መሣሪያ በአገር ውስጥ ተሠርቶ ሊቀርብ ይችላል።