ዕረፍት በፕሮግራም

ታላቅ ወንድሜ ረጅሙን የመኪና ጉዟችንን ሲያቅድ፣ በመንገዳችን አጋማሽ በምናገኘው ከተማ ሦስት ቀን «ዘና እንድንል» ወሰነ፤ ውሳኔውንም በሕግ ደገፈው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት የከባድ መኪና ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ካሽከረከረ 45 ደቂቃ ማረፍ እንዳለበት፣ መደበኛው ሳምንታዊ ዕረፍቱም ከ45 ሰዓት እንደማያንስ፣ ይህንንም ዕረፍት መኪናው ውስጥ እንዲያሳልፍ እንደማይፈቀድለት፣ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው እየቆጠረ አስረዳን። ይህን ሲናገር ራሱ ስድስት ሰዓት ያለማቋረጥ ነድቶ ነበር። እናታችን «ልጄ፣ እስቲ አቁምልኝ፤ እግሬን ላፍታታ» ብትለው፣ «እማዬ፣ ከተማ ስንደርስ ሦስት ቀን ሙሉ ታፍታቺዋለሽ» አላት።

ደረስን። ሻንጣችንን ሳናስቀምጥ ወንድሜ ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በማስመሪያ የተሰመረ፣ በሁለት ቀለም የተጻፈ የዕረፍት ፕሮግራም ነው። ከንጋቱ 12፡30 መነሣት፣ 1፡00 ቁርስ፣ 1፡20 ሙዚየም እያለ ይቀጥልና፣ ከቀኑ 8፡10 እስከ 8፡40 ባለው ረድፍ ላይ «ነፃ ጊዜ (በኅብረት)» ይላል።

የእንቅልፍ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው በማያውቀው ቤት በመጀመሪያው ሌሊት ሲተኛ የአንጎሉ አንደኛው ወገን እንደ ዘበኛ በከፊል ነቅቶ እንደሚያድር አሳይተዋል። የእኛ ሁለቱም ወገን ነቅቶ አደረ፤ የማግስቱን ፕሮግራም አይቷላ።

የመጀመሪያውን ቀን በሩጫ አሳለፍነው። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ኮረብታ ላይ ወጣን፤ ፀሐይዋ በተመደበላት ደቂቃ ባለመጥለቋ ወንድሜ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ ተቆጣ። በሁለተኛው ቀን እናታችን የአንድ ግንብ ደረጃ አጋማሽ ላይ ስትቀመጥ ግን፣ ሊያበረታታት ስለ ጀርመናዊው የመኪና ፈልሳፊ ስለ ካርል ቤንዝ ሚስት ስለ በርታ ይተርክላት ጀመር፦ ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1888 ለባሏ ሳትነግር ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ከማንሃይም እስከ ፎርትሳይም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጓዘች፤ የነዳጁ ቱቦ ሲደፈንባትም በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው።

«ጎበዝ ናት። ደርሳስ ምን አደረገች?»

«እናቷ ዘንድ ጥቂት ቀን ቆየች።»

«ግንብ ወጣች?»

ወንድሜ ከፕሮግራሙ አምስት ደቂቃ መዘግየታችንን አስታወቀና ቀድሞን ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናታችን ከክፍሏ ጠፋች። ብንፈልጋት ብንፈልጋት፣ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪናችን የኋላ ወንበር ላይ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ መስኮቱን በትንሹ ከፍታ ተኝታ ተገኘች። እህቴ ልትቀሰቅሳት ገብታ አጠገቧ ቀረች። እኔም ስለ ሁለቱ ለማወቅ ገባሁ፤ ወንበሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚያ ቀናት ካገኘሁት ሁሉ የሚመቸው ነበር። በመጨረሻ ወንድሜ ወረቀቱን እያራገበ መጣ፤ ሊገሥጸን በቦታው ተቀመጠና የዕለቱን መርሐ ግብር ማንበብ ጀመረ፤ ሦስተኛው ተራ ቁጥር ላይ ሳይደርስ ግንባሩ በቀስታ መሪው ላይ ዐረፈ።

ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ የሆቴሉ ጥበቃ መስታወቱን አንኳኳ።

«መኪና ውስጥ መተኛት አይቻልም፤ ሆቴሉ እኮ ክፍል አለው።»

እናታችን ዐይኗን ሳትገልጥ መለሰችለት፦

«ክፍሉንማ ይዘናል ልጄ፤ እሱ ለሥራ ነው።»