ግራውንድ ነው አሉኝ

ቡና ሳይቀዳለት የቤቱን በሽታ የሚያውቅ እንግዳ እግዜር አይላክባችሁ። ሰሞኑን የመጡብኝ እንዲህ ያሉት ናቸው። በገዛ እጄ የበየድኳትን የሸክላ ማጉያ አብርቼ፣ ትንሿን ባለ 45 ዙር ሸክላ አስቀምጬ፣ መርፌዋ ገና ዳር ዳሩን ስትዳክር ከስፒከሩ «እምምም» የሚል ድምፅ ወጣ። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት እንግዶቼ ከፈቱ። «ግራውንድ ነው» አለ የእህቴ ባል፤ የምድር ሽቦው ነው ማለቱ ነው። «ግራውንድ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን!» አለ ጎረቤቴ፤ ሥራው ጥብቅና ነው። አማቴ እንኳን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ እስከዚያች ቀን ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ቃል ወጥቷቸው የማያውቁት ሴትዮ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው «እኔም ያ የሚሉት ነገር ነው እላለሁ» አሉ።

የሚያናድደኝ መልሱ አይደለም፤ መልሱ አንዳንዴ ልክ ይሆናል። የሚያናድደኝ ማንም አለመጠየቁ ነው። «ማጫወቻውን ስትነቅለው ይጠፋል? ድምፅ ስትጨምር አብሮ ይጨምራል? ክንዱን ስታንቀሳቅሰው ይለወጣል?» የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ያገሬ ሰው ገና «አመመኝ» ሲሉት «ብርድ ነው» ይላል። ወገብም ብርድ ነው፣ ጥርስም ብርድ ነው፤ ብርድ አልሆን ካለ ጨጓራ ነው። የማጉያ ብርዷ ግራውንድ መሆኑ ነው። ምርመራ የሚባል ነገር በመሃል የለም፤ ከሰላምታ ቀጥሎ ማዘዣ ነው።

የባለቤቴ ዘመድ ደግሞ ከቨርጂኒያ ደወለ። ወሬው እንዴት እንደደረሰው አላውቅም። «ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠጋልኝማ» አለኝ፤ አስጠጋሁለት፤ ትንሽ ዝም ብሎ አዳመጠና «ግራውንድ ነው ወንድሜ» አለ። ስልክ በተለምዶ የሚያስተላልፈው ከ300 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ300 ምት፣ ወደ ላይ ያለውን ድምፅ ነው። የኔዋ ጉርምርምታ 50 ኸርዝ ናት። ሰውዬው ውቅያኖስ ማዶ ሆኖ የመረመረው ጆሮው ያልደረሰ ድምፅ ነው፤ ውጤቱ ግን እቤቴ ከተቀመጡት ጋር አንድ ሆነ። ስምምነት እንዲህ ነው የሚገኘው።

ለምን ሌላው ዕቃ ሁሉ ዝም ብሎ ይህቺ ብቻ ታጉረመርማለች? የሸክላ ካርትሪጅ፣ መርፌዋን የያዘችው ነገር፣ የተለመደው ዓይነት፣ የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው 220 ቮልት ከዚህ 44 ሺህ ጊዜ ይበልጣል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ካልተቀነሰ የሸክላው መስመር ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ ጎኑ ያለውን መስመር ይነካል። ማጉያዋ የተቀነሰውን መልሳ መሙላት አለባት። የአሜሪካ የሸክላ ኩባንያዎች ማኅበር በ1954 እ.ኤ.አ. ልኩን ደነገገ፣ ሌላው ዓለምም ተከተለው። በዚያ ልክ መሠረት 1000 ኸርዝን 100 ጊዜ የምታጎላ ማጉያ 50 ኸርዝን 700 ጊዜ ያህል ታጎላለች። የኛ መብራት ምቱ በሰከንድ ስንት ነው? 50። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ከግድግዳው ሾልኮ የሚመጣውን ከዘፈኑ አስበልጣ እንድታጎላ በደንብ የታዘዘች ዕቃ ነው የሠራሁት። ሌላው መሣሪያ የማይሰማውን እሷ ትሰማለች።

«ታዲያ በቫልቭ መሥራት ምን አስፈለገህ? ተሠርቶ የመጣ ሞልቶ የለ?» ይሉኛል። ቫልቭ እንደ አምፖል የምትግል የመስታወት ቱቦ ናት፤ ድምፅ ታጎላለች። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂም አለብኝ።

እቤታችን የቫልቭ ራዲዮ ነበረ። ከእንጨት የተሠራ፣ ፊቱ ጨርቅ የለበሰ፣ ሲከፈት ቶሎ የማይናገር፤ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከኋላው ብርቱካንማ ብርሃን ይታያል፣ ከዚያ ነው ድምፅ የሚመጣው። አጠገቡ በካርቶን የታጨቁ ሸክላዎች ነበሩ። ያኔ ሸክላ ማሳተም እንዲህ እንደዋዛ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ መብቱን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥተውት ነበርና። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ያንን አዋጅ ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ባይጀምር ኖሮ ዛሬ ፈረንጅ በውድ ዋጋ እየገዛ የሚሄደው ዘፈን ግማሹ አይኖርም ነበር። ሰው ለመታሰር ቆርጦ ያሳተመውን ሸክላ አክስቴ ምን አደረገችው? እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ «ቁራሌው!» የሚል ልጅ በደጃችን ሲያልፍ ጠራችውና ራዲዮኑን ከነሸክላው አስረክባ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበለች። «ቤቱን አፀዳሁት» አለችኝ። ሳፋው ክረምቱ ሳያልቅ ተሰነጠቀ። ይቅር ብያታለሁ ብዬ ለሰው እናገራለሁ፤ አላልኳትም። ምናለሽ ተራ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው ያንን የእንጨት ሳጥን ነው። የራዲዮኑ ትራንስፎርመር ብቻውን ዛሬ ቢኖረኝ ስንቱን ወጪ ባዳነኝ።

ወደ ምርመራው። ጉርምርምታ ዘር አለው። ወፈር፣ ለስለስ ያለ «እምምም» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 50 ኸርዝ ነው፤ አመጣጡ ከትራንስፎርመሩ መግነጢስ፣ ከቫልቩ ማሞቂያ ሽቦ፣ ወይም ከዚያ ከተፈረደበት ከግራውንድ ነው። ሻከር ያለ «ዝዝዝ» ከሆነ 100 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ተመላላሹን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሚመልሱት ዳዮዶች ካለፈ በኋላ በደንብ ያልተጣራ ኤሌክትሪክ፣ ብዙ ጊዜም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ኮንደንሰር ደርቆ። ጆሮ ግማሹን ይነግርሃል። ለቀረው ማጫወቻውን ትነቅልና የማጉያዋን ሁለት መግቢያዎች እያንዳንዳቸውን ከራሳቸው ምድር ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝተህ ትዘጋቸዋለህ። ድምፁ ከጠፋ በሽታው ውጭ ነው፤ ገመዱ፣ ካርትሪጁ ወይም የማጫወቻው የምድር ሽቦ ላይ። ካልጠፋ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ አጥፍተህ የመጀመሪያዋን ቫልቭ ትነቅላለህ፣ መልሰህ ታበራለህ። ከጠፋ ከሷ ወይም ከሷ በፊት ነው፤ ካልጠፋ ከሷ በኋላ። ይሄ ሁሉ ቡናው አቦል እስኪደርስ ያልቃል፤ ክርክሩ ግን በረካም አላለቀም።

ለግራውንድም ቢሆን ክብሩን አልነፍገውም። ኤሌክትሪክ ወደ ምድር የሚመለስበት መንገድ አንድ ሲሆን ሰላም ነው። ሁለት ሲሆን ሁለቱ መንገዶች ቀለበት ይሠራሉ፤ በቀለበቱ መሃል የትራንስፎርመሩ መግነጢስ ያልፋል፣ ቀለበቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፣ ይህቺ ትንሽ ነገር በ700 ትባዛለች። ስለዚህ የምድር ሽቦው ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፤ ያ ነጥብ ከብረት ሳጥኑ ጋር አንዴ ብቻ ይገናኛል፣ እሱም መግቢያው አጠገብ። አንዳንድ ካርትሪጆች ከግራና ከቀኝ የአንደኛውን ምድር በትንሽ የብረት ቅጠል ከብረት አካላቸው ጋር ያያይዙታል፤ በክንዱ በኩል ማንም ያልጠረጠረው ሁለተኛ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። «ግራውንድ ነው» ካላችሁኝ እንዲህ በሉኝ፤ የቱ ጋ፣ በየት በኩል፣ ከማን ጋር ተገናኝቶ። ካርትሪጁን አውቃችሁ «እሷ ትንሽ ቅጠል ናት የነካችው» ብትሉኝ ጉልበት ስሜ እሸኛችሁ ነበር።

የምወደው ተረት እዚህ ጋ ነው የሚመጣልኝ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ይህን ተረት ሰርግ ላይ ተናግሬዋለሁ፣ ዕድር ላይ ተናግሬዋለሁ፤ ባለቤቴ አፌን ስከፍት ታውቀዋለች። አስፋልቱ ይነጠፋል፤ በሳምንቱ ውኃው ትዝ ይላል፣ ይቆፈራል፤ ውኃው ሲቀበር የስልኩ ገመድ ትዝ ይላል። በመንገዱ ላይ ተደፍቼ ተረቱን ጮክ ብዬ ለመንገደኛ የተናገርኩበት ጊዜ አለ። አንድ የሰፈራችን ልጅም ማጉያ ሠርቶ አመጣልኝ፤ ጎበዝ ነው፣ ብየዳው ያምራል፣ ስታኞው ያብረቀርቃል። «ምድሩን የት ሰበሰብከው?» ብለው «ጋሼ፣ የቀረበኝ ቦታ ላይ ነው ያያያዝኩት» አለኝ። የቀረበው ቦታ! የኮንደንሰሩን መሙያ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ሽቦ ላይ የመርፌዋን ሚጢጢ ድምፅ ደርቦ አስሮታል። ሳጥኑ ሳይበሳ በፊት ወረቀት ላይ የሚሣል ነገር ነበር። ማሞቂያ ሽቦዎቹንም እንደ ልብስ ማስጫ ቀጥ አድርጎ ዘርግቷቸዋል፤ ተጠማዝዘው በሳጥኑ ጥግ መሄድ ሲገባቸው። ኢሲሲ83፣ አሜሪካኖቹ 12ኤኤክስ7 የሚሏት፣ በ6.3 ቮልት 0.3 አምፔር ትጠጣለች፤ ያንን የሚወስድ ያልተጠማዘዘ ሽቦ በመግቢያው አጠገብ ካለፈ ሌላ ጥፋተኛ መፈለግ አያስፈልግም። ልጁ ግን ሰማኝ፣ ፈትቶ ሠራው። ወጣት ይሰማል።

አሁን ወደማልቀልድበት እመጣለሁ። «ግራውንድ ነው» ያለ ሰው ቀጥሎ የሚያዘው መድኃኒት ይታወቃል፤ «የስፒናዋን ሦስተኛ እግር ቁረጣት»። ክፋቱ አንዳንዴ መሥራቱ ነው። ሁለተኛው መንገድ ይቆረጣል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ቆራጩ አዋቂ ይባላል። በዚያ ሳጥን ውስጥ ግን 250 ቮልት እና ከዚያ በላይ አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኮንደንሰሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። አንዲት ሽቦ ተፈትታ ብረቱን ብትነካ ሦስተኛዋ እግር ኤሌክትሪኩን ወደ ምድር ወስዳ ፊውዙን ታቃጥላለች። እሷ ከሌለች ወደ ምድር የሚወስደው አንተ ነህ፣ ወይም «እስቲ ድምፁን ቀንሺ» የተባለች ልጅህ። ይህን ለሰው እንደ ቀልድ የሚመክር ሰው እኔ ዘንድ ቡና አይጠጣም። ሙያውን የሚያውቁት ሰዎች መፍትሔውን ድሮ ጨርሰውታል፤ ብረት ሳጥኑ ከምድር ሽቦው ጋር ጠብቆ ይታሰራል፤ የድምፁ ምድር ከሳጥኑ ጋር የሚገናኘው ግን በ10 ኦም ሬዚስተርና ፊትና ኋላ በተያያዙ ሁለት ወፋፍራም ዳዮዶች በኩል ነው። ጉርምርምታው ይቀንሳል፣ ሰውም ይተርፋል። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም።

ስለ ሦስተኛዋ እግር ካነሳን፣ በብዙ አሮጌ ቤቶቻችን የሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ለጌጥ ነው፤ ከኋላው ምንም የለም። ከዚያ የከፋም አለ። ቤታችንን ያደሰው ኤሌክትሪሺያን «የምድር ሽቦ አስገባሁልህ» ብሎ ሒሳቡን ተቀበለ። ሶኬቱን ብፈታው ሦስተኛውን ከኒውትራሉ፣ ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ፣ ጋር በአጭር ሽቦ አያይዞታል። ኒውትራሉ አንድ ቀን ውጭ ላይ ቢበጠስ ፍሪጁም፣ ምጣዱም፣ ማጉያዋም ብረታቸው በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ደውዬ ስነግረው «እስካሁን ማን ሞተ?» አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ዛሬም የሰው ቤት እየገባ ሽቦ ይዘረጋል።

ብቻ ከተነሳሁበት ርቄያለሁ። የኔዋ ማጉያ ችግር ግራውንድ አልነበረም። መግቢያዎቹን ዘጋሁ፣ ድምፁ አልሄደም። የመጀመሪያዋን ቫልቭ ከሁለተኛዋ ጋር ቦታ አለዋወጥኳቸው፣ ወዲያው ረገበ። ከማሞቂያው ወደ ካቶዱ፣ ኤሌክትሮን ወደሚለቀው ክፍሏ፣ ኤሌክትሪክ የምታሾልክ ቫልቭ ነበረች፤ ቫልቭ ሲያረጅ የሚመጣ ነገር ነው። የማሞቂያውን ሽቦ እንዳለ ከምድር በ40 ቮልት ያህል ከፍ አድርጌ ስሰቅለው ደግሞ ይበልጥ ዝም አለች። ለእህቴ ባል ደውዬ ይህን ሁሉ በዝርዝር አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ያው ግራውንዱን አስተካከልከዋ» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ሳይጠራ መጣ። ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ «አሁንም ትንሽ አለች» አለ፤ ማንም ጤነኛ ሰው ሙዚቃ በዚያ ርቀት አይሰማም። ከዚያ ረጅም ፌሮ፣ መዶሻና የመዳብ ሽቦ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። እውነቱን ለመናገር በሥርዓት የተቀበረ የምድር ዘንግ ቤቱ ያስፈልገዋል፤ ለሕይወት ይጠቅማል፣ ለጉርምርምታው አንዳች አይጨምርም፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ። አሁን የመዶሻው ድምፅ ይሰማኛል። የሚመታው ባለቤቴ ጤና አዳም የተከለችበት ጥግ ላይ ስለመሰለኝ ጽሑፉን እዚህ ላይ ትቼ ልውጣ።