ኮዱ «ሴንሰር ቀይሩ» አላለም

አንድ ኮሮላ ቼክ ኢንጂን መብራቱን አብርቶ ጋራዥ ይገባል። ተለማማጁ የጥፋት ኮድ የሚያነበውን ማሽን ከመሪው ሥር ይሰካል፤ ፒ0171 የሚል ኮድ ይወጣል። ድብልቁ ውስጥ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። ወዲያው ባለቤቱ ኦክስጅን ሴንሰር እንዲገዛ ይላካል። ሴንሰሩ ይቀየራል፣ ኮዱ ይጠፋል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ መብራቱ ይመለሳል። ብሩ ግን አይመለስም።

የኦክስጅን ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ ተቀምጦ ከቃጠሎ የተረፈውን ኦክስጅን ያያል። ለኮምፒዩተሩ «ነዳጅ አንሷል» ብሎ የነገረው እሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የቀየርነው እውነቱን የተናገረውን ነው። ጥፋቱ ሞተሩ አየር ከሚስብበት ከተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ፣ ከቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም ከደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊመጣ ይችላል። ለመለየት ደግሞ ያው ማሽን ይበቃል። ሞተሩ እየሠራ ሴንሰሮቹ የሚሉት በሚታይበት ላይቭ ዳታ ውስጥ ፊውል ትሪም የሚባል ቁጥር አለ፤ ኮምፒዩተሩ ከመደበኛው መጠን ላይ ስንት ፐርሰንት ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ይናገራል። ቁጥሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ፣ ከፍ ብሎ ነዳጅ ሲሰጡት ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈለጋል። መኪናው ጭነት ሲበዛበት የሚጨምር ከሆነ ፓምፑና ፊልትሮው ይታያሉ።

ችግሩ እነዚህ ቃላት ባዕድ መሆናቸው አይደለም፤ ጋራዦቻችን ባዕድ ቃል ፈርተው አያውቁም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ ከጣሊያንኛ ገብተው ቤተኛ የሆኑት ማንም መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ነው። አለቃው «ኩሽኔታውን አምጣ» ይላል፣ ልጁ የተሳሳተውን ካመጣ ይሰደባል፣ በማግስቱ አይሳሳትም። በሽቦ የሚመጣውን፣ በእጅ የማይያዘውን ሲግናል ግን ማን «አምጣ» ይላል? ከዚህ በላይ ደግሞ ልጁ ስልኩ ላይ ባለው አፕ ከአለቃው ቀድሞ ኮድ ያነባል፤ አለቃው አፍሮ ዝም ይላል፣ በጆሮው የሚያውቀውንም ሳያስተምር ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው። ቃላቱ ወደ አማርኛ ይመለሱ የሚሉትን አልቃወምም፤ ይህን ችግር ግን አይነካውም።

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ «ኮምፒዩተር» ሲባል ብዙ ጊዜ ዎርድና ኤክሴል ነው። ለመካኒክ የሚሆነው የኮምፒዩተር ትምህርት ሞተሩ አጠገብ አለ። ቁልፉ ተከፍቶ የሞተሩ ውኃ ሙቀት ሴንሰር ሶኬት ይነቀል። ፀሐይ በሚያቃጥልበት አዳማ እንኳ ቢሆን ማሽኑ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያሳያል። ሁለቱ የሶኬቱ ሽቦዎች ሲገናኙ ደግሞ ቁጥሩ ከ100 በላይ ይዘላል። ተለማማጁ ኮምፒዩተሩ በሽቦው የመጣለትን ሁሉ እንደሚያምን በዓይኑ ያያል። ኢንፑት፣ ሲግናል፣ ሾርት የሚባሉት ቃላት ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አይፈልጉም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ወደ ጋራዥ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ይጨምራል። በእነዚህ መኪኖች ብርቱካናማ ኬብል ውስጥ ብዙ መቶ ቮልት አለ፤ እየቀየሩ መሞከር እዚያ ላይ ሰው ይገድላል።

ስለዚህ የመካኒኮች የብቃት ምዘና ይለወጥ እላለሁ። መዛኙ ከአንድ መኪና ላይ የቫኪዩም ቱቦ በስውር ይንቀል። ተመዛኙ ኮዱንም ፊውል ትሪሙንም አንብቦ፣ ምን እንደሆነ ለመኪናው ባለቤት በሚገባው አነጋገር ያስረዳ፤ አለቃውም አጠገቡ ቆሞ ይስማ። «ሴንሰር ግዙ» ያለ ይውደቅ።