ሰው የሌለበት ፎቶ

ጸደይ የሚባለው ወቅት ድሮም ግራ ያጋባኝ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አደይ ሲፈነዳ፣ መስከረም ላይ፣ «ጸደይ ገባ» እንላለን። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ጸደይን የሚያስገባው መጋቢት 26 ነው። ነገሩ የገባኝ ቨርጂኒያ መጥቼ ነው። የሸናንዶዋ ሸለቆ የሚያብበው ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

ካሜራ ገዛሁ። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ የዱር ዛፍ ከነአበባው ማንሳት። ዛፉን ብቻ። ባለቤቴ ለእህቷ ነገረች፤ እህቷ ለአክስታቸው ነገረች። ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ሆነን ወጣን። ሁዳዴ ነውና ሱፍ ፍትፍቱና ስንጉ ከካሜራዬ የተሻለ ቦታ ተሰጣቸው።

30 ዶላር ከፍለን ስካይላይን ድራይቭ ገባን። 105 ማይል የተራራ መንገድ ነው፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ አይነዳበትም። ወጣን፣ ወጣን። ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ቆሟል። ለካ ጸደይ ተራራ የሚወጣው እንደኛ በመኪና አይደለም። ከሸለቆው ተነስቶ ጫፍ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጅበታል።

«ደረቅ እንጨት ለማየት ነው ይህን ሁሉ የከፈልከው?» አሉ አክስታቸው፣ እትዬ።

ተመልሰን ወረድን። አበባው ታች፣ መንገድ ዳር፣ በነፃ ይጠብቀን ነበር። ሬድበድ የሚባለው ዛፍ ስሙ «ቀይ እምቡጥ» ማለት ነው፤ ቀለሙ ግን ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ነው። ቅጠል ሳያወጣ ያብባል፤ ግንዱ ላይ ሳይቀር ይፈነዳል። ከጎኑ ዶግውድ ነጭ ለብሷል። ስሙን ተረጎምኩላቸው።

«የውሻ እንጨት? ይህን የመሰለ ሙሽራ!» እትዬ ተቆጡ።

አራቱ ነጫጭ ነገሮች አበባ ሳይሆኑ ቅጠል መሰል ሽፋን እንደሆኑ፣ አበባው መሃል ላይ የተኮለኮሉት ቢጫማ ፍንጣሪዎች እንደሆኑ ማስረዳት ጀመርኩ። ማን ይስማኝ! ነጠላ እየተስተካከለ ነው።

ከዚያ ተራ በተራ ቅርንጫፍ ጎትቶ ማሽተት ሆነ። ዓይን ይከደናል፣ አንገት ዘንበል ይላል፣ አፍንጫ አበባው ውስጥ ይገባል። እኔም አሽትቼዋለሁ፤ ምንም አይሸትም። እነሱ ግን ሽቶ የተርከፈከፈባቸው ይመስላሉ። «ደግመህ አንሳኝ፣ ዓይኔ ተከድኗል» አለች የባለቤቴ እህት። ራሷ ነበረች የከደነችው።

«እስቲ አሁን ዛፉን ብቻ ላንሳ፤ ዞር በሉልኝ» ብዬ ለመንኩ።

እትዬ በሐዘኔታ አዩኝ። «ሰው የሌለበት ፎቶ ለማን ይላካል?»

እንደምንም አንዲት አነሳሁ። ሬድበዱ ብቻውን፣ ከኋላው ሰማያዊው ተራራ። ማታ ኮርቼ አገር ቤት ላለችው እናቴ ላክሁላት። ጠዋት የድምፅ መልእክት አገኘሁ።

«ልጄ፣ አጉልቼ አጉልቼ ፈለግሁህ። ከግንዱ ኋላ ነህ? ከሳህ እንዴ?»