በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሥነ ጽሑፍ ይነበብ ወይስ አይነበብ? ክርክር

በባሕር ዳር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አንዲት የባዮሎጂ መምህርትና በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጧቸው አንድ የፊዚክስ መምህር «ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሚሰጠው የሳይንስ ትምህርት ውስጥ የሥነ ጽሑፍ ሥራዎች ድምፅን ከፍ አድርጎ ሊነበቡ ይገባል» በሚለው ሐሳብ ላይ በጽሑፍ ተከራክረዋል። መምህርቷ ሐሳቡን ደግፈው፣ መምህሩ ተቃውመው ጽፈዋል።

ደጋፊ፦ የባዮሎጂ መምህርት

የተማሪዎቻችን የሳይንስ መጽሐፍ መልስ የታጨቀበት ነው። ሴል ምን ምን ክፍሎች እንዳሉት፣ የመተንፈስ ሂደት በምን በምን ደረጃ እንደሚያልፍ፣ ምን ገብቶ ምን እንደሚወጣ በዝርዝር ይናገራል፤ ነገር ግን ያን መልስ ያገኘው ሰው ምን አይቶ እንደተገረመ፣ የቱ ላይ እንደተጠራጠረ፣ ጥርጣሬውንም በምን እንዳጠራ አይነግረንም። ስለዚህ ተማሪው ሳይንስን የሚያውቀው አስቀድሞ እንዳለቀ ዝርዝር ነው። እኔ ሥነ ጽሑፍ ወደ ሳይንስ ክፍል ይግባ ስል ተማሪው ይዝናና፣ ትምህርቱም ይጣፍጥለት ማለቴ አይደለም፤ ከመጽሐፉ የጎደለው ግማሽ ይሟላ ማለቴ ነው።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1860 የገና ሰሞን ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለወጣቶች መስጠት የጀመራቸው ስድስት ትምህርቶች በማግስቱ ዓመት «የሻማ ኬሚካዊ ታሪክ» በሚል ርዕስ ታትመዋል። የሚጀምሩት ማንም ከሚያውቀው ነገር፣ ከሚነድ ሻማ ነው። ሰሙ ጠጣር ሆኖ ሳለ እንዴት ወደ ነበልባሉ ይደርሳል? ቀልጦ በክሩ ወደ ላይ የሚወጣውስ ምን ስቦት ነው? የሚነደው ሰሙ ራሱ ነው ወይስ ከሰሙ የሚወጣው ትነት? እነዚህን አንቀጾች ተማሪዎቼ በየተራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ መልሱ ከሚመጣበት ዓረፍተ ነገር በፊት አስቆማቸዋለሁ፤ መጽሐፉ ይዘጋል፤ እያንዳንዱም ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ግምቱን በደብተሩ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ጧፍ እናበራለን። ጧፉን እፍ ብለን አጥፍተን፣ የተለኮሰ ክብሪት ከክሩ ጥቂት ራቅ አድርገን በሚወጣው ነጭ ጢስ ላይ ስንይዝ፣ እሳቱ በጢሱ ወርዶ ክሩን እንደገና ይለኩሰዋል፤ የሚነደው ትነቱ መሆኑን ያን ጊዜ የሚጠራጠር አይኖርም። ቀዝቃዛ ማንኪያ ከነበልባሉ በላይ ሲያዝ ጉም ይለብሳል። ከነበልባሉ የሚወጣው አየር የኖራ ውሃን ወተት ያስመስለዋል፤ ከሳንባችን የሚወጣው ትንፋሽም እንዲሁ። ፋራዴይም በስድስተኛው ትምህርቱ ወደ ሰው ሳንባ ይሻገርና የሻማው መንደድና የእኛ መተንፈስ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ያሳያል። የመተንፈስን ትምህርት ከዚህ በተሻለ የሚከፍት ገጽ በመማሪያ መጽሐፋችን አላገኘሁም።

ለምን ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል? በዝምታ ንባብ ውስጥ አለመግባት ስለሚደበቅ ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ተማሪ ትንፋሹን የቱ ላይ እንደሚሰበስብ ስሰማ፣ የትኛው ሐረግ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ገብቶት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን የምርጫ ጥያቄ አይነግረኝም። በዘጌም ሆነ በጣና ደሴቶች የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እያዳመጡ በግእዝ ንባብ የድምፅ አጣጣል ስቶ ተነሹን እንደ ወዳቂ፣ ሰያፉን እንደ ተጣይ ያነበበውን ልጅ ወዲያው ይይዙታል። የሳይንስ መምህር ጆሮም እንዲሁ ሊሠለጥን ይችላል።

ተቃዋሚ፦ የፊዚክስ መምህር

እኅቴ መምህርት ስለ ጧፉ የጻፉትን በደስታ አንብቤዋለሁ። ሆኖም ከገለጻቸው እንደምረዳው ተማሪዎቻቸውን ያሳመነው ክብሪቱ፣ ማንኪያውና የኖራ ውሃው ነው። ጽሑፉን ከክፍሉ ብናወጣው ማንኪያው ጉም መልበሱን አይተውም፤ ማንኪያውን አውጥተን ጽሑፉን ብቻ ብናስቀር ግን በእጃችን የሚቀረው አንድ ታላቅ ሰው የተናገረው ቃል ብቻ ነው፤ ታላቅ ሰው ስለተናገረው ማመን ደግሞ ሳይንስ ሊያስተወን የመጣ ልማድ ነው። ፋራዴይ ራሱ በዚያ አዳራሽ አላነበበም፤ ሠርቶ አሳየ። መጽሐፉ እርሱ እየተናገረ ሌሎች የመዘገቡት ሲሆን ለኅትመት ያዘጋጀውም ኬሚስቱ ዊልያም ክሩክስ ነው። የሠርቶ ማሳያን መዝገብ ከ160 ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ላይ በተራ ማንበብ ፋራዴይን መከተል አይመስለኝም።

የጊዜው ጉዳይም አለ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ግድም ነው፤ ስም ተጠርቶ፣ የቤት ሥራ ታይቶ፣ ሰሌዳ ተጠርጎ የሚተርፈውን ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። 60 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል አንዱ ቆሞ በእንግሊዝኛ እየተንተባተበ ሲያነብ ሃምሳ ዘጠኙ ምን ይሠራሉ? በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን እያየን በትርፍ ጊዜ ሊነበብ የሚችለውን ወደ ክፍለ ጊዜ ማስገባት ለተማሪው ማዘን አይደለም።

እኔ ተንሳፋፊነትን የማስተምረው በደንገል ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ በአየር የተሞላ ስፖንጅ ነው፤ ታንኳ የሚንሳፈፈውም በዚህ ነው፣ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ የሚከብደውና ከሐይቁ ወጥቶ መድረቅ ያለበትም በዚህ ነው። ተማሪዎቼ አጭር ነዶ አስረው ሳፋ ውስጥ ያንሳፍፋሉ፣ እስኪሰጥም ድንጋይ ይጭኑበታል፣ የገፋውን ውሃ ይለካሉ፣ ነዶውን አሳድረው እንደገና ይለካሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ አርኪሜድስ የንጉሡ ዘውድ ንጹሕ ወርቅ መሆኑን የሚለይበት ዘዴ ሲገለጥለት ከገንዳው ዘሎ ራቁቱን ሮጠ የሚለውን ታሪክ አላነሣም። ታሪኩን የምናገኘው አርኪሜድስ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ከጻፈው ከሮማዊው ቪትሩቪየስ ነው፤ በታሪኩ የተነገረው ዘዴም የዘውዱን ወርቅ ጥራት ለመለየት የሚበቃ ስላልመሰለው ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1586 በጻፈው አጭር ጽሑፍ ሌላ፣ በሚዛን የሚሠራ ዘዴ አቅርቧል። ተማሪ ግን ሩጫውን ዕድሜ ልኩን ያስታውሳል፤ የተንሳፋፊነትን ሕግ ይረሳል። ተረት በሳይንስ ክፍል የሚያደርሰው ጉዳት ይህ ነው፤ የማይጠቅመው ክፍል ይበልጥ ይጣበቃል።

ደጋፊ

የአርኪሜድስን ነገር ካነሡ አይቀር፣ እርስዎ አሁን በአንድ አንቀጽ የጻፉት፣ ማለትም ታሪኩን ማን መቼ እንደጻፈው፣ ጋሊሊዮም ለምን እንዳልረካበት የሚናገረው፣ እኔ በክፍል ይነበብ የምለው ዓይነት ጽሑፍ ነው። ተማሪ ሩጫውን ብቻ የሚያስታውሰው ሩጫው ብቻ ስለተነገረው ነው።

ሃምሳ ዘጠኙ ምን ይሠራሉ ላሉት፣ ግምታቸውን ይጽፋሉ። መምህር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ስልሳዎቹ ምን ይሠራሉ ብዬ ብጠይቅዎ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ይገለብጣሉ። የፈተናው ውጤትም ለእኔ ወገን የሚመሰክር ይመስለኛል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርቱም የፈተናውም ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ሦስት ሐረግ የተደራረበበትን ጥያቄ አንብቦ መጨረስ ያልቻለ ተማሪ ፊዚክሱ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። ይህ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ ነው ሊሉ ይችላሉ። እርሳቸው ዓረፍተ ነገሩን ያፍታቱታል፤ በውስጡ ያለውን የምክንያትና የውጤት ትስስር የሚያፍታታው ግን ትምህርቱን የሚያውቀው ሰው ነው።

ስለ ማንኪያውም አንድ ነገር ልጨምር። ማንኪያ በነበልባል ላይ ጉም መልበሱን ብዙ ሰው አይቶ አልፏል፤ አይቶ እንዲጠይቅ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። የአንጥረኛ ልጅ የነበረው ፋራዴይ በደንብ ሳይማር መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ለሙያ ተቀጠረ፤ ኬሚስትሪንም ያገኘው ለጥረዛ ከመጡለት መጻሕፍት መካከል ጄን ማርሴት የጻፈችውንና እ.ኤ.አ. በ1806 የታተመውን «ስለ ኬሚስትሪ የተደረጉ ውይይቶች» ሲያነብ ነው። መጽሐፉ አንዲት መምህርት ከሁለት ልጃገረዶች ጋር እየተጠያየቁ የሚነጋገሩበት፣ ለድምፅ ንባብ የተጻፈ የሚመስል ሥራ ነው። ቤተ ሙከራ ያልነበረውን ልጅ ወደ ቤተ ሙከራ ያደረሰው ንባብ ነው፤ የእኛም ብዙዎቹ ተማሪዎች ያሉበት ሁኔታ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ሌላው ለአካባቢያችን የቀረበው ምሳሌዬ አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ሬቸል ካርሰን ስለ ፀረ ተባይ መርዝ የጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የታተመው መጽሐፍ ነው። የሚከፈተው ወፍ የማይዘምርባት አንዲት የምናብ ከተማን በሚተርክ አጭር ምዕራፍ ነው። ያን ምዕራፍ ካነበብን በኋላ ተማሪዎቼ ጣና ሐይቅን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ፣ አንድ አንድ ገጽ ይጽፋሉ፤ ከጻፉትም ውስጥ በመለካት ሊረጋገጥ የሚችለውን ዓረፍተ ነገር ያሰምሩበታል። ከዚያ በፊት ስለ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ዑደት አንዲት ጥያቄ ያልጠየቁ ልጆች ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ ሐይቁ ውስጥ ምን እንደሚሆን መጠየቅ የጀመሩት በዚህ ነው።

ተቃዋሚ

ማርሴትን ማንሣትዎ አስደስቶኛል፤ የፋራዴይ ታሪክ ቀሪው ግማሽ ግን ለእኔ ይመሰክራል። ማርሴት ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1858 በጻፈው ደብዳቤ፣ መጽሐፏን ያመነው በአቅሙ በሠራቸው ትንንሽ ሙከራዎች መርምሮ እውነት ሆኖ ስላገኘው መሆኑን ይናገራል። ንባቡን ብቻውን፣ በገዛ ጊዜው አደረገው፤ ሙከራውንም እንዲሁ። ማንም በክፍለ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አላዘዘውም። ተማሪዎቻችን መጽሐፍ ወስደው ቤታቸው ያንብቡ ቢባል የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ።

በካርሰን ነገር ግን በጭራሽ አልስማማም። ያ የምናብ ምዕራፍ የመጽሐፉ ደካማ ጎን ሆኖ ነው ያገለገለው። ደራሲዋ ራሷ እንዲህ ያለች ከተማ በእውን እንደሌለች ጽፋለች፤ ተቃዋሚዎቿም መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው ለማለት ያገኙት በር እርሱ ነበር። ሞንሳንቶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በዚያው ዓመት ፀረ ተባይ የሌለባት ዓለም በነፍሳት ስትወረር የሚያሳይ የራሱን ተረት አሳትሞ መለሰላት። ተረት ስናቀርብ ተረት ይመለስልናል፤ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚለየው ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ያለ ልኬት ነው።

እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ከተማ ያልተባለ፣ ያልተዘፈነ፣ ያልተለቀሰ ነገር የለም። የጎደለን ስሜት አይደለም። አረሙ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ለተማሪ ስጡትና በ20 ሳምንት አንድ ካሬ ሜትር 1,024 ካሬ ሜትር እንደሚሆን ራሱ ያሰላው። ቀጥሎም በዚህ ፍጥነት ቢቀጥል ሐይቁን ለመሸፈን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ለምንስ በእውኑ እስከዚያ ሳይደርስ እንደሚገታ ይጠይቅ። እንዲህ ካለው ስሌት የሚነሣውን ድንጋጤ የሚተካከል ድርሰት አላውቅም።

ደጋፊ

የሞንሳንቶን ተረት እኔም ለተማሪዎቼ ባነብላቸው ደስ ይለኛል፤ ሁለቱን አከታትለው የሰሙ ልጆች፣ የትኛው ጸሐፊ ማስረጃውን በቀጣዮቹ ምዕራፎች እንዳቀረበና የትኛው በተረቱ እንዳበቃ ለመለየት ብዙ አይቸገሩም። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ሪፖርት የካርሰንን ሥጋት በአመዛኙ የደገፈው ማስረጃዋን አይቶ ነው፤ ጉዳዩ ኮሚቴ እንዲመረምረው ያደረገው የሕዝብ ጆሮ መከፈት ግን ከአጻጻፏ ጋር የተያያዘ ነው። የ1,024ቱን ስሌት ለክፍሌ እወስደዋለሁ። ያሰላውን ተማሪ ግን ቆመህ ለጓደኞችህ በሙሉ ዓረፍተ ነገር አስረዳ ሲሉት ምን እንደሚሆን ይሞክሩት። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ለምን ይገታል» ለሚለው ጥያቄዎ መልስ መስጠት የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ቃል የሌለው ተማሪ ደግሞ እዚያ ዝም ይላል።

ተቃዋሚ

እንግዲያው እንፈትሸው። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ውጤታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ክፍሎች እንምረጥ፤ ርዕሱ አንድ ይሁን፣ ደቂቃው እኩል ይሁን። አንዱ ክፍል እያነበበ ይማር፤ ሌላው ያን ሰዓት በሙከራና በስሌት ያሳልፍ። ጥያቄውን ሁለታችንም ያላስተማርን ሦስተኛ መምህር ያውጣ።

ደጋፊ

እስማማለሁ፤ ነገር ግን በእኔ ክፍል ጧፉም ማንኪያውም አይቀሩም፤ እኔ ያለ ሙከራ ይነበብ ብዬ አላውቅም። ከጥያቄዎቹም ግማሹ ተማሪው ምክንያቱን በራሱ ዓረፍተ ነገር የሚጽፍበት ይሁን፤ ፈተናውም ከወራት በኋላ ሳይነገር ይደገም።

ተቃዋሚ

ሙከራው በእርስዎም ክፍል ከቀረ፣ የምንፈትሸው የተነበቡትን ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ያም ይበጃል። መድገሙንም እቀበላለሁ። የጽሑፉን መልስ በተመለከተ ግን፣ አራሚው ወረቀቱ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ሳያውቅ ትክክለኛውን ምክንያት ብቻ ቆጥሮ ነጥብ ይስጥ፤ ለአማረ አጻጻፍ ነጥብ አይኑር።

ደጋፊ

ለአማረ አጻጻፍ ነጥብ አልጠይቅም። ሆኖም አራት ትክክለኛ ምክንያቶችን አዘበራርቆ የደረደረና እነዚያኑ አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳስከተለ አያይዞ የጻፈ ተማሪ እኩል ነጥብ ያግኙ ከተባለ፣ ፈተናው የምንከራከርበትን ነገር ሳይነካው ያልፋል። የማረሚያ መመዘኛው ላይ ለቅደም ተከተሉና ለትስስሩ የራሱ ነጥብ ይኑረው፤ ስንት እንደሚሆን ሦስተኛው መምህር ይወስኑ።

ተቃዋሚ

ለትስስሩ ከአምስት አንድ እሰጣለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሄድም።