ሦስት ሰው ቆሞ

ትናንት ቀትር ላይ አንድ የማከብራቸው ጎረቤቴ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ወዳለችው ሱቄ ጎራ አሉና፣ ለስላሳ እየጠጡ ሠራተኞቼን በጣታቸው ቆጠሩ። «ሦስት ሰው ቆሞ ዝንብ እሽ ይላል፤ ሰው ቀንስ እንጂ ልጄ!» አሉኝ። እኒሁ ሰው ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ዘይት ታቅፈው ተሰልፈው «አንድ ሰው መጨመር ይህን ያህል ያደኸያል?» ሲሉ ነበር። የባሕር ዳር ሰው የሱቅ ሠራተኛ የሚቆጥረው ሁልጊዜ በቀትር፣ ፀሐዩ መንገደኛውን ሁሉ ከአስፋልቱ ጠርጎ ዘንባባ ሥር ሲያስጠጋው ነው።

ደመወዝ ግን ቀትርና አመሻሽ አይለይም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ ወስኖልኛል፤ ከዚያ ካለፈ የቀኑ በአንድ ተኩል፣ የሕዝብ በዓሉ በሁለት ተኩል ይባዛል። በዚያ ላይ ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ቆርጬ፣ ከራሴ 11 በመቶ ጨምሬ አስገባለሁ። በቀትር የሚቆጥሩልኝ ሰዎች ይህችን 11 ቆጥረዋት አያውቁም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ሱቅ ከከፈትሁ ወዲህ ግን ተረቱን የተረተው ሰው ቀጥሮ የማያውቅ መሆኑ ገብቶኛል። ለሃምሳዎቹ ሎሚ ያዦች የሚከፍለው ማን ነው? የዓመት ፈቃዳቸውስ? አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት ለእያንዳንዱ 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ተራ በተራ ሲያርፉ ለ800 ቀን ሎሚ የሚይዝ ምትክ መፈለግ አለበት።

ምክሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስቄ ባለፍሁ ነበር። ጎረቤቴ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ገንዘብ ተቀባይዋን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ይቺማ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሳትወልድብህ ሸኛት» አሉኝ። ሳትወልድብኝ! ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ እንድታርፍ ያዛል፤ በማርገዟ ማሰናበትንም ይከለክላል። ወጪው እንደሚከብደኝ አልክድም፤ በእነዚያ ወራት ለአንድ ወንበር ሁለት ደመወዝ እከፍላለሁ። ነገር ግን የራሳቸው ልጅ ባንክ ቤት ተቀጥራ ወልዳ አራስ ቤት ሳለች፣ ገንፎውን እየጎረሱ «መሥሪያ ቤቷን እግዜር ይባርከው» ያሉት ሌላ ሰው አልነበሩም፤ ማሰሮውን ተሸክሜ የሄድሁት እኔ ስለሆንሁ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ።

ስለ ወጪ ከተነሣ ዘንድ የቆየውንም ቂም ልጨምርበት። ዘመዶቼ «ደመወዝ አይፈልግም፣ ከሰው ጋር ይዋል ብቻ» ብለው ያስጠጉብኝ የአጎቴ ልጅ አለ። ስሙ ከደመወዝ መዝገቡ ላይ የለም፤ ጎረቤቴም የቆጠሩት የቆመውን ብቻ ስለሆነ ዘለውታል፤ እርሱ ተቀምጦ ነበርና። ሰው ሳልቀንስ ያገኘሁት መላ፣ አንዱ ሠራተኛ አርፍዶ ገብቶ አመሻሹን እንዲሸፍን፣ የቀሩት ደግሞ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጭር ባለ ጊዜ ዕቃ እንዲቆጥሩ ማድረግ ነው። በመጀመሪያው ቆጠራ ከማቀዝቀዣው የጎደለው ለስላሳ፣ ከመደርደሪያው የጎደለው ብስኩትና የሞባይል ካርድ ሲደመር የሦስቱን ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ አስከንድቶት ተገኘ። ይህን ለአጎቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ሳወጣ ሳወርድ፣ እርሱ ራሱ ማታ ደወለና «ልጁ ትምህርቱን ትቶ ነው የሚያግዝህ፤ እስከ መቼ በነፃ?» አለኝ።