ዓይን ውስጥ ጉድፍ ሲገባ፣ ከጠብታው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ጎራ ያለ ሰው ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ብረት ላይ ይወርዳል። መከላከያ መነጽር ያደረገ ሠራተኛ ማግኘት ግን ይቸግራል። ዓይኑን ጠቅ ያደረገው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ጠብታ ተጽፎለት ይመለሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ጠብታው ሳይሆን ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ነው፦ «ምን እየሠራህ ነበር?»

መልሱ ሁሉን ይቀይራል። ነፋስ ያመጣው አቧራ አብዛኛውን ጊዜ ላይ ላዩን ነው። እህል ሲወቃ የገባ ገለባ የፈንገስ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ብረት በብረት ሲመታ የተፈናጠረች ፍንጣሪ ግን ዓይንን በስታ ልትገባ ትችላለች። ቀዳዳዋ አይታይ ይሆናል። ሕመሙም ቀላል ሊሆን፣ ሰውየውም ለጊዜው ደህና ሊያይ ይችላል። ለዚህ ነው በጣም የምፈራት።

ከጥያቄው ቀጥሎ እይታን መለካት ነው፤ እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻ። ከዚያ የላይኛውን የዓይን ቆብ መገልበጥ። ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ሙያ አይደለም፤ ትራኮማን ለመለየት የሰለጠኑ ባለሙያዎች በየገጠሩ ሲያደርጉት ኖረዋል። ታዲያ ለጉድፍ ሲሆን ለምን ይዘለላል? ዓይኑ ፍሎረሲን በሚባል ቀለም ተቀብቶ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ ላዩ ላይ ያለ ጭረት አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ጭረቶቹ ከላይ ወደ ታች ከተሰመሩ ጉድፉ ቆቡ ሥር ተለጥፏል ብሎ መጠርጠር ነው። በረጠበ ጥጥ ጠረግ ሲያደርጉት ይወጣል፤ ታካሚው እዚያው እፎይ ይላል።

ብሌኑ ክብነቱን አጥቶ ወደ አንድ ጎን ከሾጠጠ ወይም እይታ ከቀነሰ ግን እጅን መሰብሰብ ነው። መጫን የለም፣ ማጠብ የለም፣ ቅባት የለም፣ የተሰካ ነገር መንቀል የለም። ዓይኑን ሳይነካ የሚከልል ጠንካራ ሽፋን ማድረግ፣ የቴታነስ ክትባቱን ማረጋገጥ፣ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር መጻፍ። የመዶሻ ታሪክ ካለ፣ ዓይኑ ደህና ቢመስልም ሪፈር ይጻፍ ባይ ነኝ።

ማደንዘዣ ጠብታ ደግሞ ለምርመራ ብቻ ነው። ሕመምተኛው ቢለምንም ወደ ቤት አይሰጥ። ሕመሙን እየደበቀ ኮርኒያውን፣ ማለትም የዓይኑን ፊት የሚሸፍነውን ግልጽ ክፍል፣ ያበላሻል። ስቴሮይድ (ብግነትን የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ጠብታም በጤና ጣቢያ ደረጃ በግምት የሚታዘዝ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ውድ ማሽን አያስፈልግም። የእይታ መለኪያ ሰሌዳ፣ ሰማያዊ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ፣ የፍሎረሲን ወረቀት፣ ጥጥና ማደንዘዣ ጠብታ ይበቃል። የጤና ቢሮዎች እነዚህን በየጤና ጣቢያው ያሟሉ። የብረት ቤት ባለቤቶችም ለሠራተኞቻቸው መነጽር ይግዙ።